ስለ ባሕር ላምና ስለ ዌል ሻርክ፦ ለወረዳችን ትምህርት ጽሕፈት ቤት የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበሩ የወረዳችን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ግልባጭ፦ ልጆቻቸውን በትምህርት ቤቶቻችን ለሚያስተምሩ ወላጆችና በሰሜን ሸዋ ለሚገኙ የትምህርት ባለሙያዎች በሙሉ

ጉዳዩ፦ ተማሪዎች ስለ ሁለት የባሕር እንስሳት ያዘጋጁት ሥራ ከዓመታዊው የሳይንስ ዐውደ ርእይ እንዲወጣ መደረጉን ይመለከታል።

ክቡር ሆይ፤

እኛ በወረዳው ባሉ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሥነ ሕይወት የምናስተምርና የተፈጥሮ ክበባትን የምናስተባብር መምህራን ነን። ባለፈው የካቲት ከጽሕፈት ቤቱ በደረሰን የአንድ ገጽ ደብዳቤ፣ ተማሪዎቻችን ከጥቅምት ጀምሮ ሲደክሙበት የቆዩት ሥራ «ከአካባቢው ነባራዊ ሁኔታ ጋር የማይገናኝ» ተብሎ ከዐውደ ርእዩ እንዲወጣ ታዟል። ሁለት ጊዜ በአካል ቀርበን፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በጽሑፍ አቤት ብለን መልስ አላገኘንም። ጉዳዩን ዛሬ በአደባባይ ለማቅረብ የተገደድነው በዚህ ምክንያት ነው። የወረዳውን ስም ያልጻፍነው ማንንም ማሳጣት ዓላማችን ስላልሆነ፣ ተመሳሳይ ትእዛዝም ሌላ ቦታ ሊጻፍ እንደሚችል ስለምንገምት ነው።

ወደ ቅሬታችን ከመግባታችን በፊት ሥራው ምን እንደነበረ መግለጽ ይገባናል፤ ትእዛዙ ሲጻፍ ስምንቱ ፖስተሮች ተዘርግተው እንዳልታዩ እናውቃለንና። ተማሪዎቹ የመረጡት ዱጎንግ በመባልም የምትታወቀውን የባሕር ላምና ዌል ሻርክ የሚባለውን ግዙፍ ዓሣ ነው። ሁለቱም ለእኛ እጅግ ቅርብ በሆኑት ውኃዎች፣ በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ አካባቢ ይገኛሉ። ከዚህ ውጭ የሚያመሳስላቸው ነገር ጥቂት ነው። የባሕር ላም አጥቢ ናት፤ በሳንባዋ ትተነፍሳለች፣ ግልገሏን ታጠባለች፣ ከየብስ እንስሳት መካከል የቅርብ ዘመዶቿም ዝሆንና በገደላችን የምናየው ሽኮኮ ናቸው። ርዝመቷ ሦስት ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ የበቀለውን የባሕር ሣር እየጋጠች ትኖራለች። በቀን እስከ 40 ኪሎ ግራም የሚደርስ ሣር ከነሥሩ እየነቀለች ስለምትበላ፣ ባለፈችበት ሁሉ በባሕሩ ወለል ላይ በማረሻ የተሰመረ የሚመስል ትልም ትተዋለች። ከፎቶግራፎቹ ሁሉ ይህን አስበልጠው የወደዱት የገበሬ ልጆች ነበሩ።

ዌል ሻርክ በበኩሉ በስንጥቡ የሚተነፍስ፣ አጽሙ ልም አጥንት የሆነ ዓሣ ነው፤ በዓለም ካሉት ዓሦች ሁሉም ትልቁ እርሱ ነው። በአስተማማኝ ሁኔታ ከተለኩት መካከል ረጅሙ 18.8 ሜትር ደርሷል። ይህን ያህል ገዝፎ የሚመገበው ግን ውኃውን በአፉ እያስገባ ካጣራ በኋላ የሚያስቀረውን ፕላንክተን የሚባሉ በውኃ ላይ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ፍጥረታት፣ የዓሣ ዕንቁላልና ትንንሽ ዓሦችን ነው። በጀርባው ላይ ያሉት ነጫጭ ነጠብጣቦች እንደ ሰው የጣት አሻራ ከአንዱ ወደ ሌላው ስለሚለያዩ ተመራማሪዎች እያንዳንዱን በፎቶግራፍ ለይተው ያውቁታል፤ ለዚህ የሚጠቀሙበት የኮምፒውተር ስሌት ደግሞ መጀመሪያ የተሠራው የሰማይ ከዋክብትን ምስል ለማዛመድ ነበር።

የመጀመሪያው ቅሬታችን ለእገዳው የተሰጠው ምክንያት ራሱ ነው። «ሰሜን ሸዋ ባሕር የለውም» የሚለው አባባል ስለ መልክዐ ምድር ከሆነ እውነት ነው፤ ስለ ኑሯችን ከሆነ ግን ስሕተት ነው። ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ በጣርማበር ዋሻና በደብረ ሲና በኩል ወደ ኮምቦልቻ የሚዘልቀው መንገድ ለብዙ ዓመታት የአሰብ ወደብ መንገድ ነበር። ዛሬም የጅቡቲን መሥመር የሚነዱ አባቶች ያሏቸው ተማሪዎች በየክፍላችን አሉ። ይህ ሥራ የተጀመረውም ከእነርሱ በአንዱ ነው። አንድ የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ፣ አባቱ ጅቡቲ ላይ ጭነት ሲጠብቅ ከዓሣ አጥማጅ የተቀበለውን ቪዲዮ በስልክ ይዞ መጣና «መምህር፣ ዮናስን የዋጠው ይሄ ነው?» ሲል ጠየቀ። በቪዲዮው የሚታየው ጀርባው ነጠብጣብ ያለበት እንስሳ ዌል ሻርክ ነበር። በታጁራ ባሕረ ሰላጤ፣ በተለይም በአርታ ዳርቻ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ገና ያልጎለመሱ ዌል ሻርኮች ለመመገብ ወደ ባሕሩ ዳር እንደሚጠጉ ተማሪዎቹ ያወቁት የዚያን ልጅ ጥያቄ ሲከታተሉ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ዓለም አቀፍ ጥናት፣ ከትልልቅ መርከቦች ጋር መጋጨት ለዌል ሻርክ ቁጥር መመናመን ሳይታወቅ የቆየ ምክንያት ሊሆን እንደሚችል አመልክቷል። እንስሳው ለመመገብ ወደ ውኃው ገጽ ወጥቶ በዝግታ ስለሚዋኝ ከመርከብ መሸሽ አይሆንለትም፤ ሲሞትም ወደ ታች ስለሚሰምጥ አደጋውን የሚቆጥረው የለም። የማሳችን ማዳበሪያና የመኪኖቻችን ናፍጣ በአብዛኛው የሚመጡት በዚያው ውኃ ላይ በሚያልፉ መርከቦች ነው። አንድ ልጅ ይህን አውቆ በፖስተር ላይ ሲጽፍ ከአካባቢው ነባራዊ ሁኔታ ወጥቷል ሊባል አይችልም።

በዚህ ነጥብ ላይ ስለ ተማሪዎቹ አንድ ነገር ሳንመሰክር ማለፍ አንፈልግም። ከእነርሱ አንዷ፣ ከተራራችን በጎርፍ የሚታጠበው አፈር ቀይ ባሕር ደርሶ የባሕር ላም የምትግጠውን ሣር ይቀብራል ብላ ጽፋ ነበር። ሐሳቡ ያምራል፤ የባሕር ሣር ለማደግ የፀሐይ ብርሃን የሚያስፈልገው ተክል ስለሆነ ደለል በእርግጥ ይጎዳዋል። ሆኖም ክበቡ ካርታ ዘርግቶ ሲከራከርበት የሮቢ ውኃ ወደ አዋሽ እንደሚገባ፣ አዋሽም ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ እንደሚያበቃ አረጋገጠና ዐረፍተ ነገሩ እንዲወጣ ተደረገ። ግንኙነት ለማግኘት ሲሉ ያልሆነውን አልጻፉም። እንዲህ የተጠነቀቁ ልጆችን ሥራ ሳያዩ ማስወጣት ነው ያሳዘነን።

ሁለተኛው ቅሬታ በጥር የተሰጠውን የወረዳ ፈተና ይመለከታል። «ከሚከተሉት መካከል ዓሣ የሆነው የትኛው ነው?» ለሚለው ጥያቄ ዓሣ ነባሪ፣ የባሕር ላም፣ ዌል ሻርክና ዶልፊን በምርጫነት ቀርበው ነበር። ለእርማት የተላከልን መልስ ዓሣ ነባሪ የሚል ነው። ይህ ፍጹም ስሕተት ነው። ዓሣ ነባሪ በስሙ ውስጥ ዓሣ የሚል ቃል ቢኖርም፣ በቅዱስ መጽሐፍ ዓሣ አንበሪ እየተባለ ከልጅነታችን ስንሰማው ያደግን ቢሆንም፣ በሳይንስ አመዳደብ አጥቢ ነው። ከአራቱ ዓሣ የሆነው ዌል ሻርክ ብቻ ነው። ከክበባችን አባላት አንዷ፣ ከገጠር ቀበሌ በእግሯ እየተመላለሰች የምትማር ልጅ፣ ዌል ሻርክን መርጣ ነጥብ ተቀነሰባት። የመማሪያ መጽሐፏን ገጽ አያይዛ በጽሑፍ ስታመለክት «መልሱ አንዴ ተልኳል፤ አይለወጥም» የሚል ምላሽ በቃል ተሰጣት። የተቀነሰባት አንድ ነጥብ ነው። ትክክለኛውን ያወቀች ልጅ ባወቀችው ምክንያት መቀጣቷ ግን ከአንድ ነጥብ በላይ ነው። እኛም መምህሮቿ የተሳሳተውን መልስ በእጃችን አርመን እንድንመልስ ስለተገደድን ኀፍረቱ የእኛም ሆኗል።

ሦስተኛው ቅሬታችን ከሁሉም ይልቅ የከበደን ነው። ከእገዳው በፊት፣ በታኅሣሥ፣ ሥራውን ለመገምገም የመጡ ባለሙያ ሁለት ፖስተሮችን ብቻ አይተው፣ ስለ እንስሳቱ የጥበቃ ደረጃ የሚያትተው ሰፊ ክፍል ወጥቶ «ሁለቱም በመጥፋት ላይ ያሉ ብርቅዬ እንስሳት ናቸው» በሚል አንድ ዐረፍተ ነገር እንዲተካ አስተያየት ሰጥተዋል። ለምን ይህን መቀበል እንዳልቻልን በዝርዝር እናስረዳለን፤ የሥራው ፍሬ ነገር ያለው እዚህ ላይ ነውና።

ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በቀይ መዝገቡ እንስሳትን በደረጃ የሚመድበው በመለኪያ ነው። ከመለኪያዎቹ በአንዱ መሠረት፣ በሦስት ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ቁጥሩ ቢያንስ በ30 በመቶ የቀነሰ እንስሳ «ለመጥፋት የተጋለጠ»፣ ቢያንስ በ50 በመቶ የቀነሰ «የመጥፋት አደጋ ያንዣበበበት»፣ ቢያንስ በ80 በመቶ የቀነሰ ደግሞ «በመጥፋት አፋፍ ላይ ያለ» ይባላል። የቀሩት አዋቂ እንስሳት ብዛትና የመኖሪያቸው ስፋትም በሌሎች መለኪያዎች ይታያሉ። ተማሪዎቻችን እነዚህን የአማርኛ ስያሜዎች ለማግኘት ሁለት ሳምንት ከመዝገበ ቃላት ጋር ታግለዋል።

ዌል ሻርክ እ.ኤ.አ. በ2000 ለመጥፋት ከተጋለጡት ተርታ ነበር፤ በ2016 አንድ ደረጃ ከፍ ብሎ የመጥፋት አደጋ ካንዣበበባቸው ጋር ተመደበ። በ75 ዓመት ውስጥ የዓለም ቁጥሩ ከግማሽ በላይ እንደቀነሰ ተገምቷል። አብዛኞቹ በሚኖሩባቸው በሕንድና በሰላማዊ ውቅያኖሶች ቅነሳው 63 በመቶ ሲሆን፣ በአትላንቲክ በኩል ግን ከ30 በመቶ ጥቂት የሚበልጥ ነው። ለሥጋው፣ ለክንፉና ለጉበቱ ዘይት ሲታደን ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1995 ታይዋን አጠገብ የተያዘች አንዲት እንስት በሆዷ 300 ያህል ሽሎች ተገኝተውባታል፤ ይህን የሰማ ሁሉ እንዲህ የሚወልድ እንስሳ እንዴት ያልቃል ይላል። ነገር ግን ዌል ሻርክ ለመውለድ የሚደርሰው ከሃያ ዓመት በላይ ኖሮ ስለሆነ፣ ወላጆቹ ሲታደኑ የሚተኩት ቶሎ አይደርሱም። ማልዲቭስ በ1995፣ ፊሊፒንስ በ1998፣ ሕንድ በ2001 አደኑን ከልክለዋል፤ ይህ እንስሳ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ስለሚጓዝ ግን አንዱ አገር ከልክሎ ሌላው ቢያጠምድ ትርፉ ትንሽ ነው።

የባሕር ላም ነገር የተለየ ነው። በዓለም ደረጃ «ለመጥፋት የተጋለጠች» ተብላ ስለተመዘገበች ከዌል ሻርክ የተሻለ ሁኔታ ላይ ያለች ትመስላለች። እዚህ ላይ ነው ተማሪዎቹ ያቆሙን። የምትወልደው አንድ ግልገል ነው፤ እርግዝናዋ ከ13 ወር በላይ ይወስዳል፤ ከአንዱ ወሊድ እስከ ሌላው ከሁለት ዓመት ተኩል እስከ ሰባት ዓመት ይቆያል። ስለዚህ ሁሉ ነገር ቢመቻት እንኳን ቁጥሯ በዓመት ከ5 በመቶ በላይ ሊያድግ አይችልም። ለመተንፈስ በየጥቂት ደቂቃው ወደ ላይ መውጣት ስላለባት ለዓሣ ተዘርግቶ በሚያድር መረብ ከተያዘች ታፍና ትሞታለች። ሣሩ ከጠፋም የምትሄድበት ሌላ ግጦሽ የላትም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 በሞንትሪያል በተካሄደው የብዝኃ ሕይወት ጉባኤ ላይ ይፋ እንደሆነው፣ በምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ የቀሩት ለአካለ መጠን የደረሱ የባሕር ላሞች ከ250 ያነሱ በመሆናቸው የዚህ ዳርቻ ነዋሪዎች በመጥፋት አፋፍ ላይ እንዳሉ ተመዝግበዋል። በዚያው ዓመት በቻይና ውኃዎች ለመራባት የሚበቃ ቁጥር እንዳልቀረ ተመራማሪዎች አስታውቀዋል። በአውስትራሊያ ግን ዛሬም ብዙ አሉ፤ የዓለሙን ደረጃ ቀለል ያደረጉትም እነርሱ ናቸው።

እንግዲህ በመዝገቡ ላይ ቀለል ባለ ደረጃ የሰፈረችው እንስሳ፣ ለእኛ በሚቀርበው የአፍሪካ ዳርቻ ላይ ሲታይ ከፍ ባለ ደረጃ ከሰፈረው ይልቅ ለመጥፋት ቀርባለች ማለት ነው። ተማሪዎቹ በአራተኛውና በአምስተኛው ፖስተር ያሳዩት ይህንን ነው፤ «ሁለቱም በመጥፋት ላይ ናቸው» የሚለው ዐረፍተ ነገር የሚሰርዘውም ይህንኑ ነው። መፍትሔውም ለየቅል ነው። ለዌል ሻርክ መንግሥታት በንግድና በመርከቦች ፍጥነት ላይ መስማማት አለባቸው፤ ለባሕር ላም ግን አንድ የዓሣ አጥማጆች መንደር መረቡን ከሣሩ ላይ ቢያነሣ የሚያድነው ነገር አለ። በዚህ ጉዳይ መዘግየት ምን እንደሚያስከትልም ታሪክ አለ፤ የባሕር ላም ዘመድ የነበረችው በሰሜን ሰላማዊ ውቅያኖስ የምትኖር ሌላ ግዙፍ ዝርያ እ.ኤ.አ. በ1741 በተመራማሪ ከታየች ከ27 ዓመት በኋላ፣ በ1768 ታድና አልቃለች። ተማሪዎቹ ይህን ሁለት ዓመተ ምሕረት ብቻ በአንድ ባዶ ፖስተር መካከል ጽፈውት ነበር። ሌላ ምንም አልጨመሩበትም።

«ብርቅዬ» የሚለውን ቃል በተመለከተ ደግሞ፣ ባገራችን ልማድ በአንድ አገር ብቻ ለሚገኝ እንስሳ የምንጠቀምበት ስለሆነ በብዙ አገሮች ዳርቻ ለሚኖሩት ለእነዚህ ሁለቱ አይስማማም።

ክቡር ሆይ፤ ስምንተኛው ፖስተር ስለ መንዝ ጓሳ መሆኑን ትእዛዙን የጻፉት ቢያውቁ ኖሮ «ከአካባቢው ጋር የማይገናኝ» የሚለው ቃል ከብዕራቸው ባልወጣ ነበር። ተማሪዎቹ ከባሕሩ የተማሩትን መለኪያ ወደ ራሳቸው ተራራ አምጥተውታል። በጓሳ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ በአንድ መስክ ላይ ይታያሉ፤ ሁለቱም በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኙ ስለሆኑ እነርሱን ብርቅዬ ማለት ይቻላል። ይሁንና ቀይ ቀበሮ በመላው አገሪቱ የቀሩት አዋቂዎች ከ500 ያነሱ በመሆናቸው የመጥፋት አደጋ ያንዣበበበት ሲሆን፣ ጭላዳ ግን በዚያው መዝገብ ብዙም ከማያሳስቡት ጋር ነው። አንዱን ከውሾች የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ይፈጀዋል፤ ሌላውን የግጦሹ መታረስ ይገፋዋል። የመንዝ አባቶች ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነውን የጓሳ ሣር ለዓመታት ዘግተው፣ ጠባቂ አቁመው፣ ጊዜው ሲደርስ ብቻ በሥርዓት እንዲታጨድ ያደርጉ ነበር። ይህ ሥርዓት ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ቢፈርስም ቦታው ዛሬ በማኅበረሰብ ጥብቅነት ተጠብቆ ይገኛል። ከመንዝ የመጣ አንድ ተማሪ በፖስተሩ ግርጌ፣ የባሕር ሣሩም እንደ ጓሳ ቢዘጋ የባሕር ላም ትተርፍ ነበር ብሎ ጽፏል። ይህን ዐረፍተ ነገር እኛ አላስተማርነውም።

ስለ አፈር መሸርሸር፣ ስለ ውርጭና ስለ ባሕር ዛፍ መሥራት ይቀድማል የሚል አስተያየት መኖሩን ሰምተናል። ክበቦቻችን በነዚህ ርእሶች ላይ ባለፉት ዓመታት አቅርበዋል፤ ወደፊትም ያቀርባሉ። አንዱ ሌላውን የሚያስቀር ሆኖ አልታየንም።

በመጨረሻም ፖስተሮቹ ከተሰበሰቡ በኋላ የተቀመጡት ጣሪያው በሚያፈስ መጋዘን ወለል ላይ ነው። በበልጉ ዝናብ ሁለቱ ሙሉ በሙሉ ተበላሽተዋል። የወረቀቱና የኅትመቱ ወጪ የተሸፈነው ከወላጆች በተዋጣ ገንዘብ ነበር።

ስለሆነም የሚከተለውን በትሕትና እንጠይቃለን። እገዳው ተነሥቶ ሥራው በሚቀጥለው ዐውደ ርእይ ላይ ሳይቆራረጥ እንዲቀርብ፤ የቀሩት ስድስት ፖስተሮች በዚህ ሳምንት እንዲመለሱልንና የተበላሹት ሁለቱ በጽሕፈት ቤቱ ወጪ እንዲተኩ እንጠይቃለን። በጥር በተሰጠው ፈተና ላይ የተሳሳተው መልስ ታርሞ ዌል ሻርክን ለመረጡ ተማሪዎች በሙሉ፣ ላመለከቱትም ላላመለከቱትም፣ ነጥባቸው እንዲመለስ፤ ለወደፊቱም የወረዳ ፈተና ከመሰራጨቱ በፊት ቢያንስ ሁለት የትምህርቱ መምህራን መልሱን እንዲያዩት ይደረግ። የተማሪ ሥራ ሲታገድ ምክንያቱ ሥራው ከታየ በኋላ በዝርዝር በጽሑፍ እንዲሰጥ፣ የሠሩት ልጆችም ተጠርተው እንዲሰሙ እንፈልጋለን። ስለ እንስሳት የጥበቃ ደረጃ በአማርኛ የሚጻፉ ስያሜዎች በወረዳው ትምህርት ቤቶች አንድ ወጥ እንዲሆኑ ተማሪዎቹ ያዘጋጁትን ዝርዝር ለመነሻነት በነጻ ለመስጠት ዝግጁ ነን።

ጽሕፈት ቤቱ ቀን ቢቆርጥልን ተማሪዎቹን ይዘን ቀርበን እያንዳንዱን ፖስተር እናስረዳለን። መልስዎን እስከ ሚያዝያ መጨረሻ በጽሑፍ እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር፤

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሥነ ሕይወት መምህራንና የተፈጥሮ ክበባት አስተባባሪዎች
ሰሜን ሸዋ